የቆጡን ለማውረድ የብብትን ላለመጣል
ስለ ነባር ቤቶችና ስለ መረጃ ገመድ

በሀገራችን ስለ መገናኛ ቴክኖሎጂ በተወሳ ቁጥር ትኩረታችን ሁሉ በሩቁ መንገድ ላይ ነው። ስለ ሳተላይት፣ በየተራራው ስለሚተከለው የሞባይል ማማ፣ ከተማን ከከተማ ስለሚያገናኘው የፋይበር መስመር እንነጋገራለን። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህ በአነስተኛ ከተሞችና በገጠር የሚነሣው ጥያቄ «ወደ እኛ መቼ ይደርሳል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መስመሩ ከደጃፍ ከደረሰ በኋላ ስለሚቀረው ሃያና ሠላሳ ሜትር የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ይህንኑ ትንሽ የሚመስል ርቀት ነው፤ ይኸውም በነባር ቤት ውስጥ ከታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ቆጡ የሚወጣውን የመረጃ ገመድ።

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ያለው መስመር በእኛ እጅ አይደለም፤ ከታችኛው ክፍል እስከ ቆጡ ያለው ግን በእጃችን ነው። በእጃችን ያለውን ሥራ በሚገባ ሠርተን ብንጠብቅ፣ የሩቁ መስመር ሲመጣ እንጠቀምበታለን፤ በሚቋረጥበትም ጊዜ ባዶ እጃችንን አንቀርም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ጉዳይ ከመስማማቱ የተነሣ ርዕሳችንን ከእርሱ ወስደናል።

ቤቱ ምን ዓይነት ነው?

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ መዲና ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ሰው ከድንጋይ ጋር ያለው ትውውቅ ጥንታዊ ነው። በከተማዋ አቅራቢያ የሚገኘው ከአለት የተፈለፈለ የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ነው። በአጎራባቿ ላስታ ደግሞ በድንጋይና በጭቃ የታነጹት ባለ ደርብ ክብ ቤቶች የታወቁ ናቸው። በዘመናችን ከተማ ውስጥ የምናገኛቸው ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይ በጭቃ ወይም እንጨት በጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በታች ደግሞ ኮርኒስ ያላቸው ናቸው።

ቆጥ በአባቶቻችን ቤት እህልና ዕቃ የሚቀመጥበት፣ አንዳንድ ጊዜም ወጣቶች የሚተኙበት ሥፍራ ነበር። ልጆች አድገው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቤተሰቡ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ቆጡ ወይም ደርቡ ጣውላ ይነጠፍለታል፤ መስኮት ይወጣለታል፤ ጠረጴዛና ወንበር ይገባለታል፤ የጥናት ክፍልም ይሆናል። ይህ ለውጥ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ የሚጀምረው የኢንተርኔቱ ራውተር ታች ሳሎን ውስጥ፣ ተማሪው ግን ላይ ሲሆን ነው።

አየሩ ለምን ይከዳናል?

ብዙዎች ይህን ችግር በአየር ብቻ ሊፈቱት ይሞክራሉ። የገመድ አልባው መሣሪያ (በተለምዶ ዋይ ፋይ የምንለው) በአብዛኛው በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል። የሞገዱ ርዝመት በመጀመሪያው 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በስስ የእንጨት ወይም የጂፕሰም ግድግዳ በተከፋፈለ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ሞገድ ያለ ብዙ ችግር ያልፋል። የእኛ ግድግዳ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ድንጋይና ጭቃ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አንድ ግድግዳ የሞገዱን ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ቢያወርደው፣ ሁለት ግድግዳዎች ወደ አንድ መቶኛ፣ ሦስት ግድግዳዎች ደግሞ ወደ አንድ ሺህኛ ያወርዱታል ማለት ነው። ኃይሉ የሚቀንሰው በመደመር ሳይሆን በማባዛት መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ውኃ ነው። ውኃ እንዲህ ያሉ ሞገዶችን ስለሚመጥ በክረምት የራሰ የጭቃ ግድግዳ በበጋ ከደረቀው ይልቅ ሞገዱን ያዳክማል። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው። ብረት ሞገዱን አያሳልፍም፤ ያንጸባርቀዋል እንጂ። ከቆርቆሮው በታች ባለ ክፍል ውስጥ የሚንጸባረቁት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ በአንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ በሌላ ቦታ ይጠፋፋሉ። ተማሪው ወንበሩን ግማሽ ክንድ ያህል ሲያንቀሳቅስ ምልክቱ የሚመጣውና የሚጠፋው በዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ ገበያው የሚያቀርበው መፍትሔ ምንድን ነው? ምልክቱን ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ግዙ ይለናል። ባለ አንድ ራዲዮ የሆነው ርካሹ መሣሪያ ግን እየሰማ መናገር አይችልም። አንዱን መልእክት በአንድ ቻናል ከሰማ በኋላ በዚያው ቻናል ስለሚደግመው ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ራሱ ደካማ ምልክት በሚደርስበት ቦታ ከተቀመጠ የሚደግመው ያንኑ ደካማ ምልክት ነው። እኛ ዋይ ፋይን አንጠላም፤ ለስልክና ለሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ተገቢው እርሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከቦታው ለማይነቃነቅ ኮምፒዩተር ግን ገመድ ይሻላል። በቆጡ ላይ ዋይ ፋይ ካስፈለገም ማሰራጫው በገመድ ተያይዞ እዚያው ቢተከል ይበጃል እንጂ ከታች እየጮኸ ግድግዳ እንዲሰብር መጠበቅ አይገባም።

የተገመደ ጥንድ ምሥጢር

የመረጃ ገመድን ስንልጥ በውስጡ 8 ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች እናገኛለን። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ 4 ጥንዶች ናቸው። ይህን ብልሃት የፈለሰፈው የስልክ አባት የሚባለው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ሲሆን ጊዜውም 1881 እ.ኤ.አ. ነበር። ኤተርኔት የተባለው የኮምፒዩተር መረብ ሥርዓት ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. በሮበርት ሜትካፍና በዴቪድ ቦግስ በአሜሪካ ዜሮክስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተወለደ። ሁለቱን ፈጠራዎች ወደ አንድ ያመጣው ደረጃ የጸደቀው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። የመቶ ዓመት ዕድሜ የነበረው የስልክ ሽቦ ብልሃት ለኮምፒዩተር ዘመን አገልጋይ ሆነ ማለት ነው።

መገመዱ ለምን አስፈለገ? ሁለት ወንድማማቾች አንድ ኮረብታ ጎን ለጎን ይወጣሉ እንበል። ኮረብታው ከፍ ሲል ሁለቱም ከፍ ይላሉ፤ ዝቅ ሲል ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የቁመት ልዩነት ግን አይለወጥም። መልእክቱ የተጻፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል እስካረፈ ድረስ ተቀባዩ መሣሪያ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ሁከቱ ይጠፋል፤ መልእክቱ ይቀራል። ሽቦዎቹ ሳይገመዱ ጎን ለጎን ቢዘረጉ ለሁከቱ ምንጭ የሚቀርበው ሁልጊዜ አንደኛው ይሆን ነበር። ሲገመዱ ግን በየተራ ስለሚቀርቡ ጉዳቱ ይመጣጠናል። አራቱ ጥንዶች እርስ በርሳቸው እንዳይረባበሹም እያንዳንዱ በተለያየ ጥብቀት ይገመዳል።

ይህን የተረዳ ተማሪ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን አይፈጽምም። የመጀመሪያው ጫፉ ላይ ሽቦዎቹን ከልክ በላይ መፍታት ነው። በአምስተኛውና ከዚያ በላይ ባሉት ደረጃዎች የሚፈቀደው 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ሽቦዎቹን በጥንዳቸው ተራ 1ና 2፣ 3ና 4፣ 5ና 6፣ 7ና 8 እያሉ ማሰለፍ ነው። ትክክለኛው ተራ በስፋት በሚሠራበት «ቲ 568 ቢ» ሥርዓት ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡና፣ ቡና ነው። አረንጓዴው ጥንድ 3ኛና 6ኛ ላይ መቀመጡን ያጤኗል። በራስ ፈቃድ የተሰለፈ ገመድ በርካሹ መመርመሪያ ሲፈተሽ ስምንቱም መብራቶች በየተራቸው ይበራሉ፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ፍጥነቱ ይወድቃል። መመርመሪያው የሚጠይቀው «ሽቦው ተያይዟልን?» ብሎ እንጂ «ጥንዱ ከጥንዱ ጋር ነውን?» ብሎ አይደለምና።

በሱቅ ውስጥ ምን እንግዛ?

ለአንድ መኖሪያ ቤት «ካቴጎሪ 5ኢ» የተባለው ገመድ በቂ ነው። በሴኮንድ 1 ጊጋ ቢት መረጃ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያደርሳል። «ካቴጎሪ 6» የሚባለው ደግሞ በአጭር ርቀት፣ እስከ 55 ሜትር ድረስ፣ አሥር እጥፍ ሊያደርስ ይችላል። በሰቆጣ ያለ ቤት ከታች እስከ ቆጥ 25 ሜትር ቢፈጅ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ሽቦው ከምን እንደ ተሠራ ነው። በገበያ ላይ ከውጭ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚንየም የሆነ ገመድ ይገኛል። አሉሚንየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ነው፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። እንዲህ ያለው ገመድ በእነዚህ ደረጃዎች አይፈቀድም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ከማመን ይልቅ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ መፋቅ ይቀላል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም።

ገመዱን በየት በኩል እናሳልፍ?

በውጭ ሀገር የተጻፉ መመሪያዎች ገመዱን በግድግዳው ውስጥ ባለው ክፍተት ወደ ላይ አሳልፉ ይላሉ። በእንጨት ማዕቀፍ ተሠርተው ከውስጥና ከውጭ በሰሌዳ ለሚሸፈኑ ቤቶች ይህ እውነት ነው። የድንጋይ ግድግዳ ግን ውስጡ ባዶ አይደለም። መመሪያውን እንዳለ ወስዶ ግድግዳ መሰርሰር የጀመረ ሰው ድንጋይ ይፈነቅላል፤ ድንጋይ በጭቃ የተሠራ ግድግዳ የሚቆመው ደግሞ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ነው። ስለዚህ ሰርሳሪ ከማንሣታችን በፊት ቤቱን ራሱን መጠየቅ ይገባል።

ቤቱ መልስ አለው። ወደ ቆጡ የሚያወጣው መሰላል ወይም ደረጃ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ አለ። ከግድግዳው ራስና ከወራጆቹ መካከል የሚገኝ ክፍተት አለ። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ ምሰሶ አለ። ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግር ባዶ ሥፍራ አለ። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ ምሰሶውን ተከትሎ ማውጣትና በኮርኒሱ ላይ ማሻገር ግድግዳን ሳይነኩ ሥራን መፈጸም ነው። ግድግዳውን መብሳት የግድ ከሆነም ድንጋዩን ትቶ በድንጋዮቹ መካከል ባለው የጭቃ መጋጠሚያ ማለፍ፣ ቀዳዳውንም ወደ ውጭ ጥቂት ዘቅዘቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የክረምቱ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቤት ይገባል።

የግንበኛው ቱንቢና አንድ ጥቅል ሲባጎ ለዚህ ሥራ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ። ቱንቢው ከላይ ሲለቀቅ ቀጥተኛውን መንገድ ያሳያል፤ ሲባጎውን ይዞ ይወርዳል፤ ገመዱም በሲባጎው ተስቦ ይወጣል። በሚሳብበት ጊዜ ከ11 ኪሎ ግራም ክብደት የሚበልጥ ኃይል ሊያርፍበት አይገባም፤ ከዚያ ካለፈ ግምዱ ይዘረጋል። ሲታጠፍም የኩርባው ሬዲየስ ከገመዱ ውፍረት ከአራት እጥፍ ማነስ የለበትም።

ከሁሉም የበለጠው ምክራችን ግን የሚከተለው ነው። በቱቦው ውስጥ ገመዱን ብቻ ሳይሆን አንድ ትርፍ ሲባጎ ይተዉበት፤ ቱቦውንም ለዛሬ ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ያድርጉት። ገመድ ያረጃል፤ ደረጃውም ይለወጣል፤ ነገ በዚያው መንገድ ፋይበር ይገባ ይሆናል። ጥሩ ሆኖ የተሠራ መንገድ ግን ሁሉንም ተራ በተራ ያስተናግዳል።

ሙቀት፣ ምጣድና መብረቅ

በቀትር ጸሐይ ከቆርቆሮ በታች ያለው ሥፍራ እንደሚግል ማንም ያውቃል። ገመዱ ይችለዋልን? በስሌት እንመልከተው። መከላከያ ሽፋን የሌለው የመረጃ ገመድ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ፣ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ደግሞ 0.6 በመቶ ተጨማሪ የምልክት ብክነት ይታሰብበታል። በ60 ዲግሪ ተጨማሪው ብክነት 8 ሲደመር 12፣ በድምሩ 20 በመቶ ይሆናል። በሌላ አነጋገር 100 ሜትር ይሄድ የነበረው ገመድ 83 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለ25 ሜትር ቤት ይህ አያሰጋም። ገመዱ ቆርቆሮውን እንዳይነካና በቀጥታ ጸሐይ እንዳያገኘው ማድረግ በቂ ነው። አይጥን ግን መፍራት ይገባል፤ ቱቦው የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያትም እርሱ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመርን በሚመለከት፣ የመረጃ ገመድና የ220 ቮልት መስመር በአንድ ቱቦ ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። ይህ ከፍጥነት ጉዳይ ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። በተለይም ብዙ ኃይል ከሚስበው ከኤሌክትሪክ ምጣድ መስመር ርቀው ይሂዱ፤ መገናኘት ግድ ከሆነ ጎን ለጎን ከመጓዝ ይልቅ በመስቀለኛ ይተላለፉ።

መብረቅ ሦስተኛው ጉዳይ ነው። በደጋው ሀገራችን የክረምት ነጎድጓድ ብርቱ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ለሚዘረጋ የመዳብ ገመድ ሥጋቱ አነስተኛ ሲሆን፣ ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት ወይም ከአንድ የትምህርት ቤት ሕንጻ ወደ ሌላው በአየር ላይ መዳብ መዘርጋት ግን መብረቅ በቅርብ በወደቀ ጊዜ አደጋውን ከቤት ወደ ቤት ማሻገር ነው። በሕንጻዎች መካከል ተገቢው ፋይበር ነው። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

«ኢንተርኔቱ ራሱ መች ኖረና?»

እስከዚህ ድረስ የተናገርነውን የሰማ አንባቢ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። ዋናው መስመር በማይታመንበት አካባቢ ስለ ቤት ውስጥ ገመድ ማውራት፣ ውኃ ሳይገባ ቧንቧ መወልወል አይሆንምን? ተቃውሞው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ጦርነቱ ወደ አካባቢው በተስፋፋበት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የዋግ ኽምራ ሕዝብ ለወራት ከመብራትና ከስልክ ተለይቶ ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ይህን ላየ ተማሪ ተስፋ መቁረጥ ቢመጣበት አይፈረድበትም።

መልሳችን ግን ይህ ነው፦ የቤት ውስጥ መረብ ከኢንተርኔት የተለየ ነገር ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በገመድ ከተገናኙ የውጭው መስመር ቢኖርም ባይኖርም ይነጋገራሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር መጻሕፍትን፣ የትምህርት ቪዲዮዎችንና የቀድሞ ፈተናዎችን ይዞ ታች ቢቀመጥ፣ በቆጡ ያለው ተማሪ ሁሉንም ያገኛል። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የዊኪፔዲያን ይዘት አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። መስመሩ በሚኖርበት ቀን ይወርዳል፤ በማይኖርበት ወር ይነበባል። ጎተራ ያለው ገበሬ ገበያ በተዘጋ ጊዜ እንደማይራብ ሁሉ፣ በቤቱ መረብና ማከማቻ ያለው ተማሪም መስመር በተቋረጠ ጊዜ ከዕውቀት አይለይም።

የመብራት ጉዳይም መላ አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. የጸደቀ አንድ ደረጃ በዚያው የመረጃ ገመድ እስከ 15.4 ዋት ኃይል ከመረጃው ጋር አብሮ ለመላክ ይፈቅዳል። ስለዚህ ታች ያለች አንዲት ባትሪ ራውተሩንም በቆጡ ያለውን ማሰራጫም ልታሠራ ትችላለች። አየር ይህን አያደርግም፤ በአየር ለሚደግም መሣሪያ ቆጡ ላይ ሌላ ሶኬትና ሌላ ባትሪ ያስፈልገዋል።

ያለፈውን ጊዜ እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው የሳተላይት ትምህርት ብዙ ተደክሞበታል። ጣሪያ ላይ ሰሐን ተተከለ፤ በየክፍሉ ማሳያ ተሰቀለ። ነገር ግን ትምህርቱ ከሩቅ በሰዓቱ ይመጣል እንጂ ቆም ተደርጎ የሚደገምበት መንገድ አልነበረም። ምልክቱ ሲጠፋ ወይም መብራት ሲሄድ ያ ክፍለ ጊዜ ያመልጣል። መሣሪያው ዘመናዊ ነበር፤ ጎተራው ግን ሩቅ ነበር። ከዚህ ልንማር የሚገባን የቅርቡን መረብ ከሩቁ መስመር እኩል ማክበርን ነው ብለን እናምናለን።

ከቤት ወደ ትምህርት ቤት

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ቆጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስጨነቀን። በጦርነቱ በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ጉዳት ደርሶባቸዋል። የተጎዳ ሕንጻ ሲጠገን ጣሪያው ይነሣል፤ ኮርኒሱ ይለወጣል፤ ግድግዳው በአዲስ ይለሰናል። ለገመድ መንገድ ለማበጀት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ልስን ሳይደረግ ባዶ ቱቦ መቅበር ጥቂት ቱቦና የግማሽ ቀን ሥራ ይጠይቃል፤ ከልስን በኋላ ያንኑ መሥራት ግን ማፍረስና እንደገና መሥራት ነው። የሕንጻ ባለሙያዎች ስለ ውኃና ስለ መብራት መስመር አይዘነጉም፤ የመረጃ መስመር ግን በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ ባለመግባቱ ይረሳል።

ይህ ለአንባብያን፣ በተለይም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ተፈታኞች በአንድ ጊዜ መልሳቸውን ሲልኩ አስቡ። ዋይ ፋይ የጋራ መንገድ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በስዊች በኩል በገመድ የተያያዘ ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው። ለአንድ ልጅ የዕድል በር በሆነ ፈተና ላይ በገመድና በአየር መካከል ያለው ልዩነት የምቾት ልዩነት ሊባል አይችልም። በትልልቅ ከተሞች ያለ ተማሪ በተዘረጋ መረብ ተለማምዶ ሲቀርብ የሰቆጣው ወይም የዝቋላው ልጅ መዳፊት የሚነካው በፈተናው ዕለት ከሆነ፣ የሚፈተነው ዕውቀቱ ሳይሆን የሕንጻው ገመድ ይሆናል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመንግሥትም ሆነ በረድኤት ድርጅቶች ገንዘብ የሚጠገን ማንኛውም ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ሲባጎ የገባበት ባዶ የመረጃ ቱቦ ይኑረው። ሁለተኛ፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚማሩ ወጣቶች የመረጃ ገመድ ዝርጋታን በቆርቆሮ፣ በድንጋይና በጭቃ ቤት ላይ፣ ማለትም በገዛ ሀገራቸው ቤት ላይ ይማሩት። ሦስተኛ፣ በዩኒቨርሲቲ ያለን እኛ የሳይንስ ሰዎች የክረምቱን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለዚህ እናውለው። አንድ የፊዚክስ ወይም የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ወደ ትውልድ ወረዳው ሲሄድ አንድ ጥቅል ገመድ፣ አንድ መቆንጠጫና አንድ መመርመሪያ ይዞ ቢሄድ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከኮምፒዩተር ክፍሉ ጋር ሊያገናኝ ይችላል። የሕዋ ሮኬት ባይሆንም የተማረውን ሳይንስ በእጁ ያየበታል።

በመጨረሻም ወደ ተረቱ እንመለስ። ሴትየዋ የተተረተባት ቆጡ ላይ ያለውን በመመኘቷ አይደለም፤ በብብቷ የያዘችውን ባለመጠበቋ ነው እንጂ። የሩቁን መስመር መመኘት፣ መጠየቅ፣ መብት ነው ብሎ መከራከርም ይገባናል። እስከዚያው ግን በብብታችን ያለው ምንድን ነው? ጥቂት ሜትር መዳብ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ቱንቢ፣ ሲባጎና የተማረ እጅ ነው። ቀዳሚዎቻችን በዚያው ምድር አለቱን ፈልፍለው ቤተ መቅደስ አቁመዋል። እኛ የተጠየቅነው በግድግዳቸው መካከል ለአንድ ቀጭን ገመድ መንገድ ማበጀት ብቻ ነው።